የታጋሽ ውሃ

ፕሮግራሙን ሦስተኛ ጊዜ ብታስኬደውም ታጋሽ ከዝርዝሩ ግርጌ አልተነሣም።

ቁጥሬ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ስክሪኑን ራቅ ብላ አየችው፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚሻሻል ይመስል። አልተሻሻለም። ከአርባ የምርምር ጣቢያዎች የተሰበሰበው ዳታ፣ ድሮን ከሰማይ ያነሣው ፎቶ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ሴንሰር የለካው እርጥበት ሁሉም ተደምረው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ታጋሽ የተባለው የስንዴ ዝርያ ድርቅ አይችልም። እንዲያውም ውሃ ሲቀንስበት ቀድመው አንገታቸውን ከሚደፉት አንዱ ነው።

ታጋሽን ያወጣው አባቷ ነው። “ያወጣው” ማለት ለአፍ ይቀላል። ሰውየው የስንዴ አበባ ላይ አጎንብሶ በወረንጦ እየነቀለ፣ አንዱን ከሌላው እያዳቀለ፣ የማይረባውን እየጣለ፣ የቀረውን መልሶ እየዘራ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም “ይኼ የኔ ነው” ብሎ የሚያሳየው ይህን አንድ ዝርያ ብቻ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ስለ ታጋሽ ሳይጠይቅ ውሎ አያውቅም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለደረቅ አገር ገበሬዎች የትኛው ዘር ይሰጥ የሚለውን ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል። አባቷ ከቁርስ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ውጤቱን ይጠብቃል፤ ጠዋት ስትወጣም “መልካም ዜና ይዘሽ ነይ” ብሎ ነው የሸኛት።

ቁጥሬ ያላትም እሱ ነው። አፏን በወጉ ሳትፈታ ያገኘችውን ሁሉ ትቆጥር ነበር፤ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የአባቷ ጃኬት ኪስ ውስጥ የምታገኘውን የስንዴ ፍሬ። ስሙ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መሥሪያ ቤት ተከትሏት ገባና አሁን የመዝገብ ስሟን የሚያስታውሳት ሰው የለም። ቁጥር ስትወድ አድጋ ቁጥር ሥራዋ ሆነ። ዛሬ ግን ቁጥር አስጠልቷታል።

“አሁንም ከታጋሽ ጋር ነሽ?”

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው ላፕቶፑን ይዞ። የክፍሉ ኃላፊ ነው። በተማሪነቱ የአባቷ ረዳት ስለነበር ከቤታቸው እራት ሳይበላ የሄደበት ቀን ጥቂት ነው፤ ቁጥሬም “ዶክተር” የምትለው ከፊሉን ለአክብሮት፣ ከፊሉን ለቀልድ ነው።

“አንድ ነገር አልገባኝም” አለችው። “እዚህ፣ በእኛ ማሳ ላይ፣ ታጋሽ አንደኛ ነው። ሁልጊዜ አንደኛ። በሌላው ሁሉ ጣቢያ ግን ጭራ።”

“ታዲያ ይኼ ምን ይገርማል? ከአንድ ማሳ የወጣነው ለዚህ አይደል? ድሮ አንድ ሰው አንድ መሬት ላይ ዕድሜውን ይጨርስና ያየውን ‘ይህ ነው እውነቱ’ ይላል። አሁን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ሠላሳ ዘጠኙ ‘አይሆንም’ ሲሉ አንዱ ‘ይሆናል’ ብሎ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?”

“ለምን ይጮሃል ግን? እሱን ነው የምጠይቅህ።”

“አፈሩ ይሆናላ።” ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚ ቁጥሬ፣ ጋሼን እኔም እወዳቸዋለሁ። ወረንጦ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳታው ግን ማንንም አይወድም። ይኸው ነው ችግሩም፣ ጥቅሙም።”

እሱ ሲሄድ የድሮኑን ፎቶዎች ከፈተች። ድሮኑ የሚያነሣቸው ተራ ፎቶዎች አይደሉም፤ የመሬቱን ሙቀት በቀለም የሚያሳዩ ናቸው። ደረቅ መሬት ይግላልና ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ እርጥብ መሬት ይቀዘቅዛልና ሰማያዊ። የድርቅ ሙከራ ሲደረግ ስንዴው ማበብ ሲጀምር ቦዩ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም ጠብታ ውሃ የለም። ስለዚህ ማሳው ሁሉ ቀይ መሆን አለበት። ነውም። ከአንዲት መደብ በቀር።

ያቺ ሰማያዊ መደብ የታጋሽ ናት።

“አፈሩ ነው” ብላ ልትዘጋው እጇን ዘረጋችና ያለፈውን ዓመት ፎቶ አመጣች። ሰማያዊዋ መደብ እዚያም አለች፤ ግን ሌላ ቦታ ናት፤ ማሳው መሀል። ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት አመጣች። አጥሩ ሥር። በየዓመቱ የትኛው ዝርያ የትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራ የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ይህን ሕግ ያጠበቀው አባቷ ራሱ ነበር። ዕጣ ሳይወጣ የተዘራ ዘር ምርምር ሳይሆን ጓሮ ነው እያለ፣ ወረቀቱን ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ እያማታ ሲያወጣ ታስታውሳለች። ታጋሽ በዕጣ ከቦታ ቦታ ዞሯል። እርጥበቱም ከኋላው ተከትሎ ዞሯል።

አፈር እግር የለውም። እግር ያለው ሰው ነው።

ቁጥሬ ስልኳን አንሥታ ወጣች።

አባ ቦይን ያገኘቻቸው እንደተለመደው ቦዩ አፍ ላይ ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በአካፋ ደለል ይጠርጋሉ። የቦዩን የብረት በር የሚከፍቱና የሚዘጉት እሳቸው ናቸው፤ ጣቢያው ሲቋቋም ጀምሮ። ዳይሬክተር መጣ፣ ዳይሬክተር ሄደ፤ ቦዩና አባ ቦይ ግን አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት እየመጡ ከአባቷ ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ይሸውዳሉ፣ ሁለቱም ያኮርፋሉ፣ በሳምንቱ ደግሞ እንደገና። ጡረታ የወጣ ሰው ወዳጁ ጥቂት ነው፤ ለአባቷ የቀሩት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም።

“አይ ቁጥሬ! ያን ጫማ አድርገሽ ጭቃ ውስጥ? ቆይ፣ በዚህ በኩል ዙሪ።”

ቦዩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ሰጠቻቸው። በእርጥብ እጃቸው እንዳይነኩት እየሸሹ አንገታቸውን ብቻ አስግገው አዩት።

“ምንድን ነው ይኼ? ምንጣፍ ነው?”

“ማሳችን ነው አባ ቦይ። ከላይ ሲታይ።”

“እሺ። ይቺ ሰማያዊዋስ?”

“ውሃ ናት።”

አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉትና ተደገፉት። ቁጥሬ አልጠየቀችም፤ መጠየቅም አላስፈለጋት። ፊታቸው ላይ ያየችው የተያዘ ሌባ ድንጋጤ አልነበረም፤ ምሥጢሩን ብቻውን ተሸክሞ የደከመው ሰው መልክ ነበር።

“ያ እንደ ንብ እየጮኸ የሚዞረው ነው ያየኝ?” አሉ በመጨረሻ።

“እርስዎን አላየም። ውሃውን ነው ያየው።”

“ጉድ እኮ ነው። እኔ ዱካዬን ሁሉ በቅጠል እጠርግ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከመጀመሪያው ጀምሮ።” ድንጋዩ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። “እናትሽ ያረፉበት ዓመት ነው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ጋሼ ከቀብር መልስ ሳምንት እንኳ ሳይቀመጡ ማሳ መጡ። ‘ቦዩን ዝጋ፣ ሙከራው ተጀምሯል’ አሉኝ፤ ዘጋሁ። ስንዴው መጠውለግ ጀመረ። እሳቸው በየቀኑ ያቺን መደብ ያያሉ፣ ያቺ መደብ ትጠወልጋለች፣ እሳቸውም አብረው። አይበሉም። ሰው ሲያናግራቸው አይሰሙም። አንድ ቀን እዚሁ፣ ይቺ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ‘ይኸውም ሊሄድብኝ ነው’ አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።”

“እሺ?”

“እሺማ ምን አደርጋለሁ? ሰው ሲሞት ቆሜ ልይ? በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አንድ ባልዲ አፈሰስኩለት። አንድ ብቻ። ‘ለዛሬ ብቻ’ ብዬ ነው። ጠዋት ሲመጡ ስንዴው ቀና ብሏል። ሌላው ሁሉ ወድቆ እሱ ብቻ ቀና ብሏል! ጋሼ መደቡን ዞሩት፣ ዞሩት፣ ከዚያ…” አባ ቦይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ሳቁ። ልጄ፣ ጋሼ ሳቁ። ‘ታጋሽ ነው!’ አሉኝ። ስሙንም ያኔ ነው ያወጡለት።”

ቁጥሬ ያን ቀን ታውቀዋለች። የትኛው ቀን እንደሆነ ዛሬ ብቻ ነው ያወቀችው። እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ ከሥራ ሲመጣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ ይቀመጥ ነበር፤ መብራት አያበራም። እሷ በሩ ላይ ቆማ የወለሉን ንጣፍ ትቆጥራለች። ከዚያ አንድ ቀን ከደጅ ጀምሮ እያፏጨ መጣ። መብራቱን አበራ። እንቁላል እጠብሳለሁ ብሎ ድስቱን ሁሉ አሳረረው፣ ጭሱን ለማስወጣት መስኮት ሲከፍት መጋረጃውን ቀደደው፣ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቤታቸው ዳግም ቤት የሆነው ያን ጊዜ ነው። ጊዜ ነው የፈወሰው ብላ ነበር የምታምነው።

“ለምን አላቆሙም አባ ቦይ? ለዚያ ዓመት ይሁን። ከዚያ በኋላስ?”

“እንዴት ላቁም? አንዴ ከሳቁ በኋላ እኔ ላስለቅሳቸው? በዓመቱ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይዘው መጡ፤ ‘ኑ እዩት’ አሉ። በዓመቱ ደግሞ ሽልማት አገኙ። ነገሩ እኔን ጥሎ ሄደ። መመለሻው የት ነው?”

“እሺ፣ ጡረታ ከወጣስ?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ የለ? ገና ሳልቀመጥ ‘ታጋሽ እንዴት ነው?’ ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም። ‘ለምልሟል’ ለማለት መለምለም አለበት።”

ሳቅ መጣባት። ዋጥ አደረገችው።

“ሌላ ጣቢያ ሲወስዱትስ? በልብዎ ምን አሉ?”

“እዚያም እንደኔ ያለ ሰው አይጠፋም አልኩ።”

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። አርባ ጣቢያ፣ ስንት ሴንሰር፣ ስንት ካሜራ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ያወቀው እዚያ እንደ አባ ቦይ ያለ ሰው እንደሌለ ብቻ ነው።

“ምን በደልኩ ግን? እስቲ ንገሪኝ” አሉ አባ ቦይ፤ ድምፃቸው ትንሽ ጠነከረ። “ማንን ጎዳሁ?”

“እስካሁን ማንንም። ዛሬ ግን ካለፈ ደረቅ አገር ያለ ገበሬ ‘ድርቅ ይችላል’ ተብሎ ተሰጥቶት ይዘራዋል። ዝናብ ሲቀርበት ጎህ ሳይቀድ ባልዲ ይዞ የሚመጣለት የለም።”

አባ ቦይ ይህን አስበውት እንደማያውቁ ፊታቸው ተናገረ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አገላብጠው አዩትና መልሰው አደረጉት።

“እውነትሽን ነው” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።” ቆይተው ደግሞ፦ “ልትነግሪያቸው ነው?”

“አላውቅም።”

“ከነገርሻቸው ያን ደጅ አልረግጥም። ልከለከል ብዬ አይደለም፤ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዕድሜያቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት እኮ ነው።”

ቁጥሬ “አይደለም” ልትል ፈለገች፤ አልወጣላትም። አባቷ የተሻለ ዘር በእጁ ይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ታጋሽ ለምልሞ ስላየው የጣላቸው ስንት ናቸው? እነዚያን አሁን የሚያገኛቸው የለም። ተነሥታ ጫማዋን ሣሩ ላይ ጠረገችና ሄደች። መለስ ብላ ስታይ አባ ቦይ ደለሉን መጥረግ አልጀመሩም፤ አካፋቸው እንደተተከለ ነው።

ቢሮ ስትገባ በመጀመሪያ ማድረግ ያለባትን አደረገች። ውሃው ያልታመነ ጣቢያ ዳታው አይታመንም፤ የታጋሽ ብቻ ሳይሆን የጣቢያው በሙሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ ገባችና የጣቢያቸውን ስም ጽፋ ይህ ይውጣ የሚል አንድ መስመር ጨመረች። አንድ መስመር ብቻ። አስኬደችው።

ምንም አልተለወጠም።

አንደኛ የነበረው አንደኛ ነው፤ ሁለተኛውም ሁለተኛ። የተነቃነቀችው ከነጥብ በኋላ ያለችው ቁጥር ብቻ ናት። አባቷ በዝናብና በፀሐይ የተመላለሰበት ማሳ፣ ባርኔጣው ውስጥ የተማታው ዕጣ፣ በልደቷ ቀን ሳይቀር “ስንዴው አብቧልና አልመጣም” ያለበት ጊዜ ሁሉ ወጣ፤ ከባሕር አንድ ጭልፋ እንደሚወጣ። አባ ቦይ አንድም ባልዲ ባያፈሱ ኖሮም ያው ነበር። ከሁሉ የከፋት ይህ ነው። ዳታው ቢሳሳት ትጣላው ነበር፤ አልተሳሳተም። የምትጣላው አጣች።

ዶክተሩ ወደ ስብሰባው ሲሄድ በሩ ላይ ያዘችው።

“የእኛን ጣቢያ አውጥቼዋለሁ። በድርቁ ጊዜ ውሃ ይገባ ነበር።”

“ማን…” አለና ተወው። እሱም ማሳው ላይ ያደገ ሰው ነው፤ የቦዩ በር በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። “ውጤቱ ተለወጠ?”

“አልተለወጠም።”

“እንግዲያው…” ‘ምን ቸገረን’ ሊል ነበር፤ ስታየው አልጨረሰውም። “እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በታጋሽ ላይ ነው እኮ” አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለላፕቶፑ የሚነግር ይመስል። “ለጋሼ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?”

“ማን ይነግርልኛል?”

ስብሰባው ረጅም አልነበረም። የዝርያዎቹ ስም እየተነበበ የሚያልፈው አለፈ፣ የሚወድቀው ወደቀ። ታጋሽ ሲነበብ አንዲት ወጣት ተመራማሪ “ይኼ የማን ነበር?” ብላ ጠየቀች። “የድሮ ሰው ናቸው” ብሎ አንዱ መለሰላት፤ ወደሚቀጥለው ሄዱ። ቁጥሬ እጇን ጠረጴዛው ሥር ጨብጣ ተቀምጣለች። “አባቴ ነው” ማለት ነበረባት። ሳትል ቀረች፤ ስትወጣ ደረጃው ላይ ነው የቆጫት።

ቤት ስትደርስ አባቷ መስኮቱ ሥር ነበር። ሸሚዙን ቀይሯል፣ ጸጉሩን አበጥሯል፤ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቷን አየው።

“ወደቀ” አለ።

“ወደቀ፣ አባዬ።”

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አፈራርቆ አሻቸው። ቁጥሬ ቢጮህ ትመርጥ ነበር።

“ደረጃው ስንት ወጣ?”

“ተወው እስቲ።”

“ቁጥሬ፣ ምርምር ላይ ተወው የለም። ስንት?”

“ከመጨረሻዎቹ።”

“ከመጨረሻዎቹ…” ደገመው፤ ቃሉን አኝኮ የሚያጣጥም ይመስል። “በአርባውም?”

“በሠላሳ ዘጠኙ።”

ቀና አለ። ይህን ባትል ኖሮ! ግን የሳይንስ ሰው ነው፤ ባትለውም ይጠይቃት ነበር።

“በእኛስ?”

“በእኛ አንደኛ ነው።”

“አሃ!” ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። “በእኛ አንደኛ፣ በሌላው መጨረሻ። ይኼ እኮ ውድቀት አይደለም፣ ጥያቄ ነው! የእኛን ማሳ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ዳታሽ ምን ይላል?”

ቁጥሬ ጃኬቷን አወለቀች፣ ሰቀለችው፣ መልሳ አስተካከለችው። አባ ቦይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው “ያን ደጅ አልረግጥም” ሲሉ ድምፃቸው በጆሮዋ አለ። አንድ ቃል ነው። አንድ ትንሽ ቃል ማንን ይጎዳል?

“አፈሩ ይሆናል” አለች።

“አፈሩ!” አባቷ ጭኑን መታ። “እኔም እኮ አንድ ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ከሥር ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር አለ። ሥሩ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ ሌላው ዝርያ ግን አይደርስም። ገባሽ? ታጋሽ ሥረ ረጅም ነው! እስካሁን የለካነው ቅጠሉን ነው፤ ሥሩን ማን አየው? ድሮናችሁ መሬት ሰርስሮ ያያል?”

“አያይም።”

“አያይማ!” ሳቀ። ብዙ ጊዜ ያልሰማችውን ሳቅ፣ ከሆዱ የሚወጣውን። ዕድሜው አሥር ዓመት የወረደለት መሰላት። “በይ ነገ ማሳው ውሰጂኝ። ጉልበቴን ተይው፣ ዱላ ይዤ እሄዳለሁ። ጉድጓድ እናስቆፍራለን። አባ ቦይ አለልኝ፣ ለእኔ የማይቆፍረው የለም። ሁለት ዓመት፣ ግፋ ቢል ሦስት ዓመት ነው። አንቺ ደግሞ ያን ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ከጎኔ ትሆኛለሽ። አባትና ልጅ!”

ዱላውን በእጁ እየዳበሰ መነሣት ጀመረ፤ ወረቀት ሊፈልግ፣ እርሳስ ሊፈልግ። ቁጥሬ ቆማ አየችው። አባ ቦይ ያን ጠዋት ምን እንደተሰማቸው አሁን ገባት። ሰው ሲስቅ ማየት እንዴት ደስ ይላል! እንዴትስ ቀላል ነው! ነገም ይጠይቃታል፤ ነገም ትመልስለታለች። ከተቆፈረው ጉድጓድ ምንም ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ ሌላ ነገር ትፈጥራለች። አባ ቦይ ዶማ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እዚያ እንደሌለ የሚያውቁትን ነገር ይቆፍራሉ። ሦስት ዓመት። ስንት ሦስት ዓመት ቀርቶታል?

“አባዬ፣ ተቀመጥ።”

“ቆይ፣ እርሳሴ የት ሄደ?”

“ተቀመጥ አልኩህ። አፈሩ አይደለም።”

ዞር ብሎ አያት። ሳቁ ገና ከፊቱ አልወረደም።

“ምንድን ነው ታዲያ?”

ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው፤ የራሷን ወንበር ጎትታ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠጋች። ከውሃው ልትጀምር አስባ ነበር፤ ከፎቶው፣ ከሰማያዊዋ መደብ። እንደ ሪፖርት ማለት ነው። አልጀመረችም።

“እማዬ በሞተች ሳምንት ሳይሞላት ማሳ ሄደህ ነበር” አለችው። “ከዚያ አንድ ቀን ቦዩ ዳር ተቀምጠህ ለአባ ቦይ ያልከውን ታስታውሳለህ?”